ለክፉ ቀን ተብሎ የቲቢ ኪኒን አይቀመጥም

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዶ ሲመለስ ሳል ይዞት መጣ። ተመረመረና የሳንባ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒት ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ ሳሉም ቀንሶለታል። ግን ሰዉ ሁሉ የውጭ እርዳታ ቆሟል፣ መድኃኒት ሊጠፋ ነው እያለ ነው። እሱም ይህን ሰምቶ ከሚሰጡት ኪኒን ላይ እየቀነሰ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ጀምሯል። እውነት ሊቆም ነው እንዴ? ደግሞስ እስከ መቼ የሰው እጅ እያየን እንኖራለን? የራሳችንን ቲቢ ራሳችን ማከም ያቅተናል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የኪኒኑን ነገር እንጨርስ። ይህን እንዳነበብሽ ወንድምሽን ጥሪውና ማስቀመጡን ዛሬውኑ እንዲያቆም ንገሪው። አሁን በሚውጠው በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አራት መድኃኒት ተቀላቅሎ አለ፦ ሪፋምፒሲን፣ ኢሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወስድ የተወሰነለት ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ክብደቱ ታይቶ ነው። ስለዚህ ከአራት ፍሬ አንዷን ሲያስቀር አንድ መድኃኒት ብቻ ተወ ማለት አይደለም፤ ከአራቱም ላይ ሩቡን ቀነሰ ማለት ነው። መጠኑ ሲያንስ ቶሎ የሚሸነፈው ጀርም ይሞታል፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ይተርፋል፣ የተረፈው ደግሞ ይራባል። መጨረሻው ሪፋምፒሲን የማይነካው ቲቢ ነው፤ እኛ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የምንለው። ወንድምሽ የፈራውን ክፉ ቀን በራሱ እጅ እየጠራው ነው።

ሳሉ መቀነሱ ደስ ይላል። ግን እንዳያዘናጋችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቀው በፍጥነት የሚራባው ጀርም ነው። ያንቀላፋው ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፤ ሕክምናው ስድስት ወር የሚፈጀውም ለዚያ ነው። ያስቀረውን ኪኒን በሙሉ ይዞ ወደ ቲቢ ክፍሉ ይሂድና እውነቱን ይንገራቸው። ያመለጠኝን ላካክስ ብሎ በአንድ ቀን ደርቦ እንዳይውጥ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አክታው እንደገና ይመረመራል፤ ያን ቀጠሮ በምንም ምክንያት እንዳያሳልፈው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ለኤድስ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድም በዚሁ ጊዜ ለአገሮች ከፈቀደው ገንዘብ ላይ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቲቢ ከአገር ወደ አገር ከሚሄደው ገንዘብ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚያልፈው በግሎባል ፈንድ በኩል ነው፤ ለግሎባል ፈንድ ደግሞ ትልቋ ሰጪ አሜሪካ ነበረች።

ቢሆንም ወንድምሽ የሚውጠው ኪኒን በአንድ ለጋሽ ካዝና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። መደበኛው የቲቢ መድኃኒት ለአገራችን በዋናነት የሚገዛው በግሎባል ፈንድና በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። የአንድ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በዓለም ገበያ በብዛት ሲገዛ ከ60 ዶላር አይበልጥም። ገንዘብ ሲጎድል ማንኛውም መንግሥት፣ ማንኛውም ለጋሽ፣ መጨረሻ ላይ የሚነካው ይህንን ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የሚጠፋው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂኝ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው በሽተኛውን ፈልጎ የሚያገኘው ሥራ ነው። አንድ የደምቢያ ገበሬ ሦስት ሳምንት ሲያስለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንበል። አክታውን በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ከሌለው ናሙናው በቀዝቃዛ ሳጥን ሆኖ ማሽኑ ወዳለበት መላክ አለበት፤ በአገራችን ለዚህ ሥራ የፖስታ አገልግሎት ሁሉ ይሠራል። ማሽኑ ጋ ከደረሰ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቲቢ አለ ወይስ የለም፣ ሪፋምፒሲን ይሠራበታል ወይስ አይሠራም፣ ሁለቱንም ይነግርሻል። ነገር ግን የሞተሩ ነዳጅ፣ የአድራሹ አበል፣ የማሽኑ ጥገና ከፕሮጀክት በጀት ከሆነና ፕሮጀክቱ ከተዘጋ፣ ያ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውየው ውጤቱን እየጠበቀ ቤቱ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ያስላል። ማንም መድኃኒት አልከለከለውም። ግን መታመሙን የነገረው የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት ጩኸት የለውም፣ ዜናም አይሆንም፤ ከዓመት በኋላ «የታካሚ ቁጥር ቀነሰ» ተብሎ ሪፖርት ላይ እንደ መልካም ዜና ሊቀርብም ይችላል። እባካችሁ በዚህ እንዳንሸወድ።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከዋሽንግተን የቀረበ ችግርም አለብን። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ ሲዘጋ ኪኒኑ መጋዘን ውስጥ እያለ ታካሚው ጋ መድረስ ያቃተበት ጊዜ ነበር። ይህን የሚፈታው ለጋሽ አይደለም። የመድኃኒት መኪናና አምቡላንስ በማንም በኩል እንዲያልፍ ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው፤ የሽማግሌውም፣ የታጠቀውም፣ የመንግሥትም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። «እስከ መቼ የሰው እጅ እናያለን» ያልሽው ተገቢ ቁጭት ነው። ግን የቲቢን ትብብር እንደ ምጽዋት ማየቱ ላይ አልስማማም። ከሩቅ ሆኖ ሲታይ ሰጪና ተቀባይ ይመስላል። ጠጋ ብለሽ ስታዪው ሌላ ነው።

ወንድምሽ የሚወስደው ሕክምና ስድስት ወር የሆነው እንዴት ይመስልሻል? ቀድሞ ከዓመት ተኩል በላይ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የዛምቢያ ሐኪሞችና ታካሚዎች ከእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጋር ሆነው ሪፋምፒሲን ሲጨመርበት ጊዜው ሊያጥር እንደሚችል በጥናት አሳዩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ቲቢ የያዘው ሰው በስድስት ወር የሚድነው የምሥራቅ አፍሪካ በሽተኞች ለዚያ ጥናት ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው። ከዚያ ታንዛኒያ መድኃኒቱን እያስዋጡ፣ እየመዘገቡ፣ መጨረሻውን እየቆጠሩ መሥራት እንደሚቻል አሳየች። ያ አሠራር ነው በኋላ የዓለም መመሪያ የሆነው፤ እኛም በ1992 አርሲና ባሌ ላይ ሞክረን ወደ ሌላው አገር ያሰፋነው።

የራሳችን ከተማ ጎንደርም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መነሻው በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ተባብረው ኮሌጁን ከፈቱ። ገንዘቡና አስተማሪው ከውጭም መጣ፤ ተመርቆ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ተመድቦ የሠራው ግን የኛው ልጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ ታሪክ ነው፤ ጎንደሬ ሆኖ የማያውቀው ብዙ ነው። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሞቱን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ2009 አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕክምናው ተጀመረ፤ ከዚያ ጎንደር ቀጠለ። ማን አገዘን? ከካምቦዲያ የመጣ ልምድ ነው ያገዘን። ግሎባል ኸልዝ ኮሚቲ የሚባል ድርጅት በካምቦዲያ ገጠር ለዓመታት ያካበተውን አሠራር ይዞ መጣ፦ በሽተኛውን ለሁለት ዓመት አልጋ ላይ አታስቀምጠው፣ መጀመሪያ አረጋጋው፣ ከዚያ ቤቱ ሆኖ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይታከም፣ ምግብ ስጠው፣ ቤቱ ድረስ ሄደህ እየው። ከጦርነትና ከረሃብ የወጣች አገር ለኛ አስተማረች። ውጤቱ በ2015 ታትሟል። በሁለቱ ሆስፒታሎች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ክትትል የተደረገላቸው 612 ታካሚዎች ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ ከመቶ 78 የሚበልጡት ሕክምናቸው ተሳካ። በዚያን ዘመን የዓለም አማካይ ከመቶ 50 ገደማ ነበር። ድሃ ናችሁ፣ አትችሉትም የተባለው ሥራ ጎንደር ላይ ከብዙ ባለጠጋ አገር በተሻለ ተሠራ። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ አልደብቅም።

ቀጥሎ የሆነውን ስሚ። የያኔው ሕክምና ቢያንስ 20 ወር ነበር፤ በዚያ ላይ ለወራት በየቀኑ መርፌ። መርፌው ብዙ ሰው ጆሮ ነስቷል። ሕክምናውን ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ማሳጠር ይቻላል ወይ የሚለውን ለመመርመር ስትሪም የተባለ ጥናት ሲካሄድ ከተሳተፉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያም ነበሩበት። በ2019 ውጤቱ ወጣ፤ አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ የማያንስ ሆነ። ሁለተኛው ዙር ጥናት ደግሞ መርፌውን አስቀርቶ በሚዋጥ መድኃኒት መተካት እንደሚቻል አሳየ፤ እዚያም ውስጥ ነበርንበት። እንግዲህ የኢትዮጵያ ታካሚ ፈርሞ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ ቀጠሮውን ጠብቆ ለዓለም ያዋጣው ነገር ይህ ነው። ተቀባይ ብቻ ነን የሚለኝን ሰው የምሟገተው በዚህ ነው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ብቻ የሚፈጅ፣ መርፌ የሌለው ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል።

የዚያ ሕክምና ምሰሶ ቤዳኩዊሊን የሚባለው መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ለድሃ አገር የስድስት ወሩ ዋጋ 900 ዶላር ነበር። በ2023 ወደ 130 ዶላር ወረደ። እንዲህ የወረደው ኩባንያው ስለራራ ብቻ አይደለም። በ2001 የተቋቋመ፣ ለብዙ አገሮች በአንድ ላይ የቲቢ መድኃኒት የሚገዛ ግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ የሚባል አካል አለ። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ጤፍ በጅምላ ከገበሬው ሲያስመጣ ዋጋው እንደሚወርደው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የሕንዷ ናንዲታ ቬንካቴሳንና የደቡብ አፍሪካዋ ፉሜዛ ቲሲሌ። ሁለቱም ከቲቢ ድነዋል፤ ሁለቱም በመርፌው መስማት ተስኗቸዋል። ኩባንያው ሕንድ ውስጥ የባለቤትነት መብቱን ለማራዘም ያቀረበውን ጥያቄ ተቃውመው አመለከቱ። በማርች 2023 የሕንድ የፓተንት ቢሮ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ሌሎች ፋብሪካዎችም መድኃኒቱን እንዲሠሩ በሩ ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት ዋጋው አሽቆለቆለ። ሙምባይ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ጎንደር ላለው ታካሚ ይደርሳል። ብቻዋን የቆመች አገር ይህን ከየት ታመጣዋለች?

አንድ በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር። የሱዳን ጦርነት በ2023 ከፈነዳ በኋላ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። ከነሱ መካከል አንዲት እናት ሕክምና ላይ ነበረች። ካርድ የላትም፣ ወረቀት የላትም፣ አማርኛ አትችልም። አስተርጓሚ ስንፈልግ ከቦርሳዋ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ነበር፤ የዋጠችባቸውን ሁሉ አልጣለችም። በአንዱ ዓይነት ጀርባ አራት ቁጥር ተጽፏል፦ 150፣ 75፣ 400፣ 275። በሌላው ሁለት ብቻ፦ 150 እና 75። አብሮኝ የነበረው ነርስ ገና ሲያየው «ሁለቱን ወር ጨርሳለች፣ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ገብታለች» አለ። የመጀመሪያው አራቱ መድኃኒት ነው፣ ሁለተኛው ሪፋምፒሲንና ኢሶኒያዚድ ብቻ። ማሸጊያውን ቆጠርን፣ የቀራትን ወር አሰላን፣ ከኛው መደርደሪያ ያንኑ ኪኒን አውጥተን ሰጠናት። ዋጠችው። የሱዳኑና የጎንደሩ ኪኒን አንድ የሆነው አገሮች ተቀምጠው በአንድ ቅመራ ስለተስማሙና ፋብሪካዎቹም በዓለም ጤና ድርጅት ጥራታቸው ስለሚጣራ ነው። ለኔ ዓለም አቀፍ ትብብር ሲባል ትዝ የሚለኝ የጉባኤ አዳራሽ አይደለም፤ ያ ማሸጊያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጭትሽ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ኪኒኑን ብቻ ሳይሆን ኪኒኑ ዙሪያ ያለውን ሥራ ከራሳችን በጀት መሸፈን ነበረብን፤ አሁንም አለብን። ለናሙና አመላላሽ ነዳጅ፣ ለማሽን ጥገና፣ ቤት ለቤት ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሚሆን ገንዘብ የግድ ባሕር ተሻግሮ መምጣት የለበትም። የክልልም የወረዳም በጀት ሲጸድቅ ቲቢ የሚል መስመር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው። አዲስ መድኃኒት መፈልሰፉን፣ በጅምላ መግዛቱን፣ ጥራት ማጣራቱን ግን ለብቻችን እንሥራው ብንል አንችለውም፤ ሌላውም አይችለውም። ለምሳሌ የቲቢ መከላከያው ቢሲጂ ክትባት ለሰው መሰጠት ከጀመረ ከ1921 ወዲህ መቶ ዓመት አልፎታል፤ አዋቂን በደንብ የሚከላከል ሌላ ክትባት ግን እስካሁን የለንም። ኤም72 የሚባለው አዲስ ክትባት የመጨረሻው ደረጃ ሙከራ በ2024 ተጀምሮ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ኢንዶኔዥያ ባሉ ሰባት አገሮች እስከ 20 ሺህ ሰው ድረስ እንዲያሳትፍ ታቅዶ ነበር። ይህን የሚሸፍን አንድ አገር የለም።

የዓለም መሪዎችም ቃላቸውን አልጠበቁም። በ2023 በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው ለቲቢ የሚመደበው ገንዘብ እስከ 2027 በዓመት 22 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል አሉ። በዚያው ዓመት የተገኘው 5.7 ቢሊዮን ነው። በዚያው ዓመት 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታመመ፣ 1.25 ሚሊዮን ሞተ። የሚድን በሽታ ነው እኮ። ይህን ቁጥር ለምጄ እንደ ዋዛ ማንበብ አልፈልግም። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚከብድባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ብዙ ሰው የለፋበት ነገር ነው። ግን ከዝርዝሩ የወጣ አገር ምርመራው ሲላላና ታካሚው ኪኒን መቀነስ ሲጀምር ተመልሶ ይገባል።

በመጨረሻ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሥራ እንጨርስ። ከወንድምሽ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሁሉ፣ ባያስለውም፣ ይመርመር። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ካለ ነገ ዛሬ አትበይ። ቲቢ የሌለባቸው ሆነው ከተገኙ የመከላከያ መድኃኒት አለ፤ አንደኛው ዓይነት በሳምንት አንድ ቀን ለሦስት ወር፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። የዚህም ዋናው መድኃኒት በ2019 በተደረገ ስምምነት ከ45 ወደ 15 ዶላር ወርዷል፤ እሱም የትብብር ፍሬ ነው። ለማን የትኛው እንደሚሰጥ በዕድሜና በክብደት ይወሰናል፤ ባለሙያው ይነግርሻል።

ጤና ጣቢያው «አልቋል» ካለሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺ። መቼ እንደሚገባና እስከዚያ የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለው ጠይቂ፣ የቲቢ አስተባባሪውን በስልክ እንዲያገናኙሽ አድርጊ፤ አንዱ ጋ ሲያልቅ ከሌላው ማዘዋወር የተለመደ ነው። ወንድምሽም ሕክምናው ሳያልቅ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ልመለስ ካለ መጀመሪያ ቲቢ ክፍሉ ሄዶ የዝውውር ወረቀት ያጽፍ፣ ለመንገዱ የሚበቃውን ኪኒን ይያዝ፣ የስልክ ቁጥሩንም ይተውላቸው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ከዚያው ወር፣ ከዚያው ቀን ይቀጥልለታል።